በሃኖይ የጾም ቁርስ ፍለጋ

ከአገር ቤት የሚጽፉልኝ ጓደኞቼ ሁሉ ከትምህርቱ ይልቅ ስለ ምግቡ ይጠይቁኛል። «ለመሆኑ እዚያ ሃኖይ ምን ትበላለህ?» ይሉኛል፤ አንዳንዱም በየቀኑ እባብ የሚቀርብልኝ እየመሰለው በሩቁ ያዝንልኛል። የመጽሔታችን አዘጋጅ የፈቀደልኝ ጥቂት ገጽ ብቻ ነውና፣ ስለ ቬትናም ፖለቲካና ኢኮኖሚ የሚጽፍ ሌላ ሰው አይጠፋም ብዬ እኔ ስለ አንድ ምግብ ልጽፍ ቈረጥሁ። ምግቡ ባኝ ኩዎን ይባላል። ባኝ ማለት ከዱቄትና ከሊጥ የሚሠራ ነገር ሁሉ ነው፤ ኩዎን ማለት ደግሞ መጠቅለል ነው። እንግዲህ «ጥቅል ቂጣ» ብንለው ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

እኔ ካለሁበት ሰፈር ጥግ ላይ አንዲት ሴትዮ በየማለዳው ከ12 ሰዓት በፊት ድስቷን ትጥዳለች። በድስቱ አፍ ላይ ነጭ ጨርቅ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሯል፤ ከሥር ውሃው ይንተከተካል፤ እንፋሎቱም በጨርቁ ውስጥ እየሰረገ ይወጣል። ሩዙ ለብዙ ሰዓት ተዘፍዝፎ ከውሃ ጋር ተፈጭቶ ሊጥ ሆኗል፤ ከእንጀራ ሊጥ ይልቅ ቀጭን ነው፣ ወተት ይመስላል። በጭልፋ ቀድታ በጨርቁ ላይ ታፈስሰዋለች፤ በጭልፋው ጀርባ ክብ አድርጋ ታሰፋዋለች፤ ክዳኑን ትደፋበታለች፤ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ተደግሞ ሳያልቅም ትከፍተዋለች። ከዚያ ረጅም የቀርከሃ ስንጣሪ ከሥሩ ሰድዳ አንሥታ፣ በትሪ ላይ ዘርግታ፣ በውስጡ የሚገባውን ጨምራ ትጠቀልለዋለች። ሥራው ሁሉ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም፤ ሉኩም ከመሳሳቱ የተነሣ ከሥሩ ያለው ትሪ ይታያል።

ይህን መጀመሪያ ባየሁበት ቀን ወደ ትምህርት ቤት መሄዴን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ። ምጣዱ፣ ሊጡ፣ አክንባሎው፣ ሰፌዱ፣ ሁሉም በሌላ አገር ልብስ ተሸፍኖ የቆመ የእናቴ ጓዳ ነበር። ልዩነት የለውም አልልም። እንጀራ ዓይን አለው፤ ይህኛው እርሾ አያውቅምና ዓይን የለውም፣ እንደ እርጥብ ሐር ለስላሳ ነው። ቢሆንም ከአገሩ ከወጣ ሁለት ሳምንት ለሆነው ሰው ዓይን ያለውንና ዓይን የሌለውን ለመለየት ፋታ የለውም። አጭሩ በርጩማ ላይ ጕልበቴ አገጬን እስኪነካ ድረስ ተቀመጥሁና በላሁ። በማግሥቱም በላሁ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

በሦስተኛው ቀን ማታ እናቴ ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ምን ቀምሰህ ትውላለህ?» አለችኝ። «እናቴ፣ እንጀራ የሚመስል ነገር አግኝቻለሁ» አልኋት። ደስታዋ በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ።

በሳምንቱ ግን አንድ የክፍል ጓደኛዬ አብሮኝ ሊበላ መጣ፤ በውስጡ ያለው ጥቋቁር ነገር «የእንጨት ጆሮ» የሚባል እንጉዳይ መሆኑን ነገረኝ። ከእንጉዳዩ ጋር ያለው ፍርፍር ሥጋ የምን እንደ ሆነ ጠየቅሁት። «የአሳማ ነው» አለ፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል በሚል ሁኔታ። በአጠገቡ ተቈራርጦ የሚቀርበው፣ ቀረፋ የሚሸተው ጥቅል ሥጋም እንዲሁ የአሳማ ነው። ከጥቅልሉ ላይ የሚፈሰው ቅባት እንኳ አንዳንድ ቤት የአሳማ ሞራ ነው። እኔም በሰባት ቀን ውስጥ፣ አያቴ በሕይወት ዘመናቸው ስሙን እንኳ ሲጠሩት ምራቃቸውን እንትፍ የሚሉበትን እንስሳ ስድስት ጊዜ በልቼ ኖሯል። ከዘመናዊ ተማሪዎች መካከል «ታዲያ ምን አለበት?» የሚል እንደሚኖር ዐውቃለሁ፤ ከእርሱ ጋር አልከራከርም። የከበደኝ ሥጋው ብቻ አልነበረም፤ ለእናቴ የነገርኋት ነገር ነበር። እናቴም በዚያኑ ሰሞን ደግማ ስትደውል «ልጄ ባለበት አገር የጤፍ ዓይነት አለ ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ ነገርሁ» አለችኝ። ዝም አልሁ። ዝምታዬም ለብዙ ወር ቆየ።

በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ከእኔ ሌላ አንድ የአገሬ ልጅ አለ፤ የጅማ ሰው ነው፣ እስላም ነው። እርሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠንቃቃ ስለ ነበረ ከሩዝ፣ ከእንቍላልና ከሙዝ በቀር አይቀምስም ነበር፤ ክብደቱም ቀንሷል። ጭንቀቴን ባጫወትሁት ጊዜ ከሳቀ በኋላ «እንግዲያው አብረን እንፈልገው» አለኝ። ፍለጋውን የጀመርነው በዚህ ዓይነት ነው።

የሃኖይ አሮጌው ሰፈር ሠላሳ ስድስቱ ጐዳና እየተባለ ይጠራል፤ ብዙዎቹ መንገዶች ስማቸውን ያገኙት ድሮ ይሸጥባቸው ከነበረው ዕቃ ነው። የብር መንገድ አለ፣ የስኳር መንገድ አለ፣ የወረቀት መንገድ አለ። መርካቶን የሚያውቅ ሰው አይደነቅም፤ የእኛም ሸማ ተራ እንደዚሁ ነው። ከነዚህ አንዱ ሃንግ ጋ ይባላል፣ የዶሮ መንገድ ማለት ነው። ዛሬ ግን ሰው ወደዚያ የሚሄደው ለዶሮ ሳይሆን በ14 ቍጥር ስላለው የባኝ ኩዎን ቤት ነው። የከተማው ጠዋት ሻጮች ድስታቸውን ካወረዱም በኋላ ይህ ቤት እስከ ማታ ይሠራል። ለተማሪ ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ማለዳ ተነሥቶ ቁርስ የሚበላ ተማሪ የት አለ? እዚያ ከተለመደው ሌላ በእንቍላል የሚሠራም አለ፤ ሊጡ በጨርቁ ላይ እንዳለ እንቍላል ይሰበርበታል። ሥጋ የማይፈልግ ሰው «ኾንግ ቲት» ይበል፤ ያለ ሥጋ ማለት ነው። ስለ ቅባቱም «ሞ» ነው ወይስ «ዞው» ብሎ ይጠይቅ፤ ሞ ሞራ፣ ዞው ዘይት ነው። ከእስላሞች ወንድሞቻችን ለሚሄድ ሰው ደግሞ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሕንድ ነጋዴዎች ያሠሩት የከተማው መስጊድ በዚሁ በአሮጌው ሰፈር፣ ሃንግ ሉዎክ ላይ ነው፤ ከጁምዓ በኋላ በእግር ይደረሳል።

ዋጋውን በተመለከተ ለአንድ ሰሐን 40 ሺህ ዶንግ ያኽል ከፍያለሁ። ስሙን በማልጽፈው አንድ ሌላ ቤት ግን መልኬን አይተው እጥፉን አስከፍለውኛል፤ ሳልከራከር ከፈልሁ፤ እስካሁንም ያንገበግበኛል።

ጓደኛዬ ግን ሃንግ ጋ ላይም ልቡ አልረጋለትም። ያለ ሥጋ ቢያዝዝም፣ የሚጠቀለልበት ትሪ ሥጋው የሚጠቀለልበት ያው ትሪ ነው። እኔ «ይኽን ያኽል አታጥብቀው» ስለው «አንተ ስድስት ጊዜ የበላህ ሰው ዝም በል» አለኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ወደ እኔ ሰፈር ሴትዮ ተመልሰን ነገሩን በእጅና በእግር አስረዳናት። ረጅም ጊዜ ስታየን ቆየችና የሙዝ ቅጠል አምጥታ በንጹሕ ሰሐን ላይ ዘረጋች፤ እናቶቻችን ለድፎ ዳቦ ኮባ እንደሚያነጥፉት ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርስዋ ለእኛ «ባ» ሆነች፤ እኛም «ቻው» ሆንን፤ ባ አያት ነው፣ ቻው የልጅ ልጅ ነው። በዚህ አገር ቋንቋ ዕድሜና ዝምድና ሳይለዩ «አንተ» ብሎ መናገር ያስቸግራል፤ እኛ «አንተ»ና «እርስዎ» ብለን የምንቸገረውን እነርሱ በአሥር ከፍለውታል።

በየካቲት 2018 ዓ.ም. ግን ነገሩ ሁሉ ተደራረበ። ሰኞ የካቲት 9 ቀን ዐቢይ ጾም ገባ፤ በማግሥቱ ማክሰኞ የቬትናሞች አዲስ ዓመት፣ ቴት ዋለ፤ የጓደኛዬ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ተከተለ። በቴት ጊዜ ከተማው ጭር ይላል፤ ሻጩ ሁሉ ወደ ወላጆቹ አገር ይሄዳል፤ ባም ድስቷን ሰቅላ ሄደች። ስትመለስም ችግራችን አልተፈታም። እርስዋ ማለዳ ጠጥዳ በ3 ሰዓት ትጨርሳለች፤ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ እርሱ ፀሐይ እስክትጠልቅ አይቀምስም። የጠዋት ምግብ ለጾመኛ ምን ያደርግለታል?

ከዚህ ያወጣን ታኝ ቺ ነው። ታኝ ቺ በከተማው ደቡብ ምሥራቅ፣ በቀይ ወንዝ አቅራቢያ ያለ የጥንት መንደር ነበር፤ አሁን ከተማው ውጦታል። የመንደሩ ሴቶች ጥቅልሉን በቅርጫት አድርገው፣ ቅርጫቱን በራሳቸው ተሸክመው በሃኖይ መንገዶች ላይ እየጮኹ ሲሸጡ ኖረዋል። የነርሱ ባኝ ኩዎን ከሌላው የሚለየው በውስጡ ምንም የሌለው በመሆኑ ነው። ሉኩ ባዶውን ነው፤ ቅባትና የደቀቀ ቅጠል ብቻ ተቀብቶ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራል፤ ሲበላ አንድ አንዱን እየላጡ ነው። ዋናው ነገር ደግሞ ትኩስ መሆን አያሻውም፤ ቀዝቅዞ ይበላል። ስለዚህ ጠዋት በዘይት ብቻ ከምትሠራ ሴት በቅጠል አስጠቅልለን እንገዛና ማታ እንበላዋለን። እኔ በዘጠኝ ሰዓት መብላት እችል ነበር፤ ዳሩ ግን እርሱን እያየሁ መብላት ስላልሆነልኝ እስከ 12 ሰዓት እጠብቀዋለሁ። ከአጠገቡ የተጠበሰ ሽንኩርት፣ የድንብላል ቅጠልና ናና ይኖራል፤ ከአኩሪ አተር የሚሠራው አይብ መሰል ነገርም በዘይት ተጠብሶ ይቀርባል፤ ለእኔ በጾም ወራት ከዶሮ ወጥ የማያንስ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ማጥቀሻው ግን ሌላ ጣጣ ነው። ኑክ ማም የሚሉት፣ ዓሣን በጨው አብላልተው የሚያወጡት ውሃ፣ በስኳርና በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃርያ ተበርዞ ይቀርባል። ለጓደኛዬ ችግር የለበትም። ለእኔ ግን ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የአገራችን ክርክር እስከ ሃኖይ ተከትሎኝ መጣ። በክርክሩ ውስጥ አልገባም፤ የአኩሪ አተሩን ማጥቀሻ እጠቀማለሁ። የድሮ ሃኖዮች በማጥቀሻቸው ውስጥ ካ ኩዎንግ የሚባል የውሃ ነፍሳት ሽቱ ጠብ ያደርጉበት ነበር፤ ዛሬ እውነተኛው ውድ ስለ ሆነ በብዛት የሚገኘው በፋብሪካ የተሠራው ነው። አሽትቼዋለሁ፤ ደስ ይላል፤ አልቀመስሁትም።

አንድ ቃል ልጨምር። በዚህ አገር ቡድሂስቶች በጨረቃ ወር በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ከሥጋ የሚርቁ አሉ፤ የዚህ ዓይነቱ ምግብ «ቻይ» ይባላል። ይህን ቃል ባወቅሁ ጊዜ አምስት ወር ሙሉ በምልክት የደከምሁበት ሁሉ ቀለለ። «እኔ ቻይ ነኝ» ማለት ብቻ ነው። በእኛ ቋንቋ ቻይ ታጋሽ መሆኑን ለባ ልነግራት ሞክሬ ነበር፤ የገባት አይመስለኝም።

ወደ ደቡብ፣ ወደ ሆ ቺ ሚን ከተማ የሚሄድ ቢኖር ባኝ ኩዎን እዚያም አለ፤ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1954 ለሁለት ስትከፈል ወደ ደቡብ የተሰደዱት ብዙ መቶ ሺህ ሰሜናውያን ምግባቸውን ይዘው ሄደዋል። በዚያው ጊዜ ከሃኖይ የወጣው ደራሲ ቩ ባንግ ሳይጎን ተቀምጦ ስለ ናፈቀው ምግብ መጽሐፍ ጽፎ ጨረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ታተመ፤ ርእሱ ወደ እኛ ቋንቋ ቢመለስ «የሃኖይ ጣፋጭ ጉርሻ» ለማለት ይቀርባል። ባኝ ኩዎንም በውስጡ የራሱ ምዕራፍ አለው።

በጾሙ እኩሌታ ላይ እናቴ ደወለች። በዚያ ሰዓት ቅጠሉ ተፈትቶ በፊታችን ነበር፤ ጓደኛዬም መግሪብ እስኪደርስ ሰዓቱን ያያል። «ዛሬ ምን ትበላለህ?» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኋት፤ የመጀመሪያውን ሳምንት፣ ሥጋውን፣ ጤፍ አለመሆኑን። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ለነፍስ አባትህ ንገር» አለችኝ፤ ጥቂት ቆይታም «ጨርቁ ምንድር ነው፣ አቡጀዲ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ራስዋ ደወለች። ሩዝ ዘፍዝፋ አስፈጭታለች፤ አቡጀዲውን በትልቁ ድስት ላይ በሲባጎ ወጥራለች። ሦስቱ ተጣብቀው ተቀደዱ፤ አራተኛው ተነሣ። ጎረቤቶቿ ተሰብስበው ነበር አሉ። «የጤፍ ዓይነት ነው ያልሽው ይኸ ነው?» ሲሏት «አይደለም፣ ሩዝ ነው፤ ልጄ ያኔ ዋሽቶኝ ነበር» ብላ ነገረቻቸው።