ኦቬችኪን ያልነበረበት 40 ደቂቃ

ዛሬ ስለ በረዶ ሆኪ ላጫውታችሁ። «እኛና በረዶ ምን አገናኘን?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ ያላችሁት ግን ሳታስቡትም ተገናኝታችኋል። ከዩ ስትሪት ተነስታችሁ በአረንጓዴው የሜትሮ መስመር ወደ መሀል ከተማ ስትወርዱ ሦስተኛው ፌርማታ ቻይናታውን ነው። ከጣቢያው በላይ ያለው ግዙፍ አዳራሽ የዋሽንግተን ካፒታልስ ሜዳ ነው። በጨዋታ ማታ ባቡሩን የሚሞሉት ቀይ ማልያ ለባሾች የዚህ ቡድን ደጋፊዎች ናቸው። ታክሲ የምትነዱትማ ጨዋታው ሲያልቅ ያ ሰፈር ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

የማወራችሁ ስለ አንድ የካፒታልስ የውድድር ዘመን ብቻ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 25 ቀን 2010 ተጀምሮ ግንቦት 30 ስላለቀው። ከዚህ ወዲያ ዘመኑን በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ፣ 2017-18 እያልኩ። ብዙዎች ያን ዓመት የአሌክሳንደር ኦቬችኪን ዓመት ይሉታል፤ አልተሳሳቱም። እኔ ግን ዋንጫውን ያመጣው ኦቬችኪን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሚያርፍበት ሰዓት የተሠራው ሥራ ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደዚህ እንደምል ላስረዳችሁ።

መጀመሪያ የቡድኑን ታሪክ ትንሽ ልንገራችሁ። ካፒታልስ በ1974 ሲመሠረት የመጀመሪያ ዓመቱን 80 ጨዋታ ተጫውቶ 67ቱን ተሸነፈ፤ ያሸነፈው 8ቱን ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከሜዳው ውጪ የቀናው አንድ ቀን ነበር፤ ያን ዕለት ተጫዋቾቹ የቆሻሻ መጣያ በርሜል እንደ ዋንጫ ከፍ አድርገው ጨፈሩ። እንዲህ ያለውን ቡድን አለመውደድ ይከብደኛል። ከዚያ ወዲህ እየተሻሻለ ሄዶ በ1998 ለዋንጫው የፍጻሜ ጨዋታ ደረሰ፤ ዲትሮይት አራት ተከታታይ ጨዋታ አሸንፎ ሸኘው።

ኦቬችኪን ከሞስኮ መጥቶ በ2005 መጫወት ጀመረ። ግብ በማስቆጠር በዘመኑ የሚስተካከለው አልነበረም፤ ነገር ግን 12 ዓመት ሙሉ ከጥሎ ማለፉ ሁለተኛ ዙር አልፎ አያውቅም። መንገዱን ደጋግማ የዘጋችበት ፒትስበርግ ናት። ዋሽንግተን በ2016 እና በ2017 በመደበኛው ውድድር ከሊጉ ሁሉ አንደኛ ወጣች፤ ሁለቱንም ዓመት ፒትስበርግ በሁለተኛው ዙር ጣለቻት። የ2017ቱ ሰባተኛ ጨዋታ ዋሽንግተን ላይ ተደርጎ 2 ለ 0 ነው ያለቀው። በዚያ ማታ አንዲት ግብ እንኳ ያልገባበት የፒትስበርግ በረኛ ማርክ አንድሬ ፍለሪ ይባላል። ስሙን ያዙልኝ።

ከዚያ ሽንፈት በኋላ ቡድኑ ተበተነ ማለት ይቻላል። ጀስቲን ዊሊያምስ ወደ ካሮላይና ሄደ፤ ይህንንም ስም ያዙልኝ። ማርከስ ዮሃንሰን ለኒው ጀርሲ ተሰጠ። ካርል አልዝነርና ኬቨን ሻተንከርክ ውላቸው አልቆ ወጡ። ኔት ሽሚትን ደግሞ አዲስ የተመሠረተው የላስ ቬጋስ ቡድን ወሰደው። አሰልጣኙ ባሪ ትሮትዝ የመጨረሻ የውል ዓመቱ ላይ ነበር፤ ውሉን የሚያድስለት አልተገኘም። የዋሽንግተን ጊዜ አለፈ ተባለ። ከወጡት በአንዱ ቦታ የመጣው ዴቫንቴ ስሚዝ ፔሊ የሚባል ጥቁር ካናዳዊ ነው፤ ኒው ጀርሲ ውሉን ገንዘብ ከፍሎ አፍርሶ ያሰናበተው ልጅ። ዋሽንግተን ለአንድ ዓመት በ650 ሺህ ዶላር አስፈረመችው። ለእኔና ለእናንተ ብዙ ብር ነው፤ በዚያ ሊግ ግን የመጨረሻው እርከን ደመወዝ ነበር።

የጨዋታውን ነገር ሳላስረዳ ካለፍኩ የምለው አይገባችሁም። ሜዳው 61 በ26 ሜትር የሆነ በረዶ ነው፤ በየወገኑ አምስት ተጫዋችና አንድ በረኛ ይገባል። የሚመቱት ፓክ የሚሏትን 170 ግራም ያህል የምትመዝን ጠፍጣፋ ክብ ጎማ ነው፤ እንዳትነጥር ከጨዋታ በፊት ፍሪጅ ውስጥ ትገባለች። ጨዋታው ሦስት ጊዜ ሃያ ደቂቃ፣ በድምሩ 60 ደቂቃ ነው። ሩጫው ጉልበት ስለሚጨርስ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ የሚቆየው 45 ሰከንድ አካባቢ ነው። ከዚያ ጨዋታው ሳይቆም አጥሩን ዘሎ ይወጣል፣ ሌላው ዘሎ ይገባል። አጥቂዎቹ በሦስት በሦስት ሆነው አራት «መስመር» ይሠራሉ፤ እንደ ደቦ አጨዳ አንዱ ሲደክም ሌላው ይረከባል። ስለዚህ ኦቬችኪንን የሚያህል ሰው እንኳ ከ60 ደቂቃው የሚጫወተው 20 አካባቢ ነው። የቀረው 40 ደቂቃ የሌሎች ነው። ዋሽንግተንም በዚያን ዓመት የተለየችው በዚህ 40 ደቂቃ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመደበኛውን ውድድር 82 ጨዋታዎች ቶሎ ልለፋቸው። ኦቬችኪን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ብቻ ሰባት ግብ አገባ፤ በማርች 600ኛ ግቡን አስቆጠረ፤ ዓመቱን በ49 ግብ የሊጉ ኮከብ አግቢ ሆኖ ጨረሰ። ዕድሜው 32 ነበር፣ በቀደመው ዓመት ያገባው 33 ብቻ ስለነበር አርጅቷል ሲባል ከርሟል። ቡድኑ 49 አሸንፎ በ105 ነጥብ ምድቡን መራ። ከቀደሙት ሁለት ዓመታት ያነሰ ነጥብ ነው፤ በ2016 120፣ በ2017 118 ነበረው። ዋንጫውን ያገኘው በነጥብ ከሁለቱም ያነሰው ቡድን መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ከዚያ ዓመት አንድ ማታ ግን በችኮላ የማላልፈው አለ። ፌብሩዋሪ 17፣ ቺካጎ ላይ፣ ስሚዝ ፔሊ በቅጣት ከሜዳ ወጥቶ በመስታወት በታጠረው የቅጣት ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ከመስታወቱ ማዶ ያሉ ተመልካቾች «ቅርጫት ኳስ! ቅርጫት ኳስ!» እያሉ ይጮሁበት ጀመር። ጥቁር ስለሆነ ቦታህ እዚህ አይደለም ማለታቸው ነው። ተነስቶ በመስታወቱ አሻግሮ አፈጠጠባቸው። አራቱ ከአዳራሹ ተባረሩ፤ የቺካጎ ቡድን ይቅርታ ጠየቀ። በሰው አገር እየኖረ «እዚህ ምን ትሠራለህ?» የሚል ዓይን ያረፈበት ሰው ያ ልጅ ምን እንደተሰማው አይጠፋውም። የዋሽንግተን ደጋፊዎች ያደረጉት ግን ልብ ይሞላል። በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ፎርት ዱፖንት በሚባል ሰፈር፣ ኒል ሄንደርሰን የሚባሉ ሰው በ1978 የመሠረቱት፣ በአብዛኛው የጥቁር ልጆች የሚማሩበት የሆኪ ክለብ አለ። ደጋፊዎቹ ገንዘብ አዋጥተው ለዚያ ክለብ ሰጡ።

ወደ ጥሎ ማለፉ እንግባ። በዚያን ዓመት ከነበሩት 31 ቡድኖች 16ቱ ያልፉ ነበር፤ በየዙሩ አራት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈ ይቀጥላል። ዋሽንግተን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች በገዛ ሜዳዋ፣ ሁለቱንም በተጨማሪ ሰዓት፣ በኮሎምበስ ተሸነፈች። አለቀላት ተባለ። ዋናው በረኛ ብሬደን ሆልትቢ፣ ከሁለት ዓመት በፊት የሊጉ ምርጥ በረኛ የተባለው ሰው፣ አቋሙ ወርዶ ጥሎ ማለፉን ከወንበር ላይ ነበር የጀመረው። ሦስተኛውን ጨዋታ ግን ከበሩ ላይ ጀመረ። ጨዋታው 2 ለ 2 ሆነ፤ በጥሎ ማለፍ ደግሞ ግብ እስኪገባ ሃያ ሃያ ደቂቃ እየተጨመረ ይሄዳል። በሁለተኛው ጭማሪ ከበሩ ፊት ትርምስ ተፈጠረ፤ ፓኳ ከሰው ሰው ስትጋጭ ላርስ ኤለርን ነክታ ገባች። ኤለር ዴንማርካዊ ነው፣ የሦስተኛው መስመር ሰው። የዚያ ዓመት ማጠፊያ እኔ እንደሚገባኝ ይህች ግብ ናት። ያን ማታ ዋሽንግተን ብትሸነፍ ኖሮ ኮሎምበስ 3 ለ 0 ትመራ ነበር። ዋሽንግተን ከዚያ ተነስታ አራት ተከታታይ ጨዋታ አሸነፈች።

ቀጥሎ ፒትስበርግ መጣች። በስድስተኛው ጨዋታ ከዋሽንግተን ዋና ተጫዋቾች ኒክላስ ቤክስትረም እጁን ተጎድቷል፣ ቶም ዊልሰን ታግዷል። ትሮትዝ ከታችኛው ሊግ የመጡ ልጆችን አሰለፈ። አንደኛው ኔተን ዎከር በሲድኒ ያደገ፣ በዚህ ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው አውስትራሊያዊ ነው። የዋሽንግተን የመጀመሪያ ግብ ስትገባ ፓኳን አመቻችቶ ያቀበለው እሱ ነበር። በረዶ በሌለበት ከተማ ያደገ ልጅ፣ 12 ዓመት ሙሉ ያልተከፈተውን በር ሲገፋ አስቡት! በተጨማሪ ሰዓት ኦቬችኪን አቀበለ፣ ኤቭጌኒ ኩዝኔትሶቭ ብቻውን ሮጦ አገባ፤ እጆቹን እንደ ወፍ ክንፍ እያርገበገበም ሄደ። ፒትስበርግን ማለፍ ለዚያች ከተማ ዋንጫ የማንሳት ያህል ነበር።

በሦስተኛው ዙር የገጠሟትን ታምፓን ያሸነፉት በሰባት ጨዋታ ነው። 3 ለ 2 ከተመሩ በኋላ ስድስተኛውን 3 ለ 0፣ ሰባተኛውን 4 ለ 0 ወሰዱ። ሆልትቢ በ82ቱ ጨዋታ አንድም ጊዜ መረቡን ሳያስደፍር ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ በቸገረው ሰዓት ሁለት ጊዜ በተከታታይ አደረገው።

የፍጻሜው ተጋጣሚ ያው አዲሱ የላስ ቬጋስ ቡድን ነበር፤ በተመሠረተ በመጀመሪያ ዓመቱ። በረኛው ማን መሰላችሁ? ፍለሪ። ተከላካዩ ሽሚት ያው ከዋሽንግተን የተወሰደው። ቡድኑን ያዋቀሩት ጆርጅ መክፊ ደግሞ ኦቬችኪንን፣ ቤክስትረምን፣ ሆልትቢንና ኩዝኔትሶቭን ለዋሽንግተን የመረጡት የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። የራሳቸው እጅ ሥራ ሊገጥማቸው መጣ።

የመጀመሪያውን ቬጋስ 6 ለ 4 ወሰደ። በሁለተኛው ዋሽንግተን 3 ለ 2 እየመራች ሁለት ደቂቃ ሲቀር የቬጋሱ አሌክስ ታክ ባዶ በር ፊት ፓኳን አገኘ። ሆልትቢ ከወዲያኛው ቋሚ ተወርውሮ በዱላው ሰፊ ጫፍ መለሳት። ከዚያ በኋላ ቬጋስ አላሸነፈም።

አምስተኛው ጨዋታ፣ ጁን 7፣ ላስ ቬጋስ። በመጨረሻዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ቬጋስ 3 ለ 2 ይመራል። ፓኳ ወደ ስሚዝ ፔሊ እግር መጣች፤ በጫማው ወደ ፊት ገፋት፣ እየወደቀ መታት፣ 3 ለ 3። በ82ቱ ጨዋታ ያገባው 7 ግብ ብቻ ነበር፤ በጥሎ ማለፉም 7 አገባ፣ ሦስቱን በፍጻሜው በሦስተኛው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ጨዋታ። ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል እንዳለፈ የዋሽንግተኑ ብሬት ኮነሊ የመታት ፓክ በፍለሪ እግሮች መሀል ሾልካ ከኋላው ቆመች። ፍለሪ የት እንዳለች አላየም። ኤለር አየ፤ ዞሮ ገፋት። 4 ለ 3። ቡድኑ በተመሠረተ በ44ኛ ዓመቱ ዋንጫ አገኘ፤ ከተማዋም ከአራቱ ታላላቅ የአሜሪካ ሊጎች በአንዱ ከ1992 ወዲህ የመጀመሪያዋን። ኦቬችኪን የጥሎ ማለፉ ምርጥ ተባለ፣ 15 ግብ አግብቷልና ይገባዋል። ወደ 16 ኪሎ የሚጠጋውን ዋንጫ እየጮኸ ሲያነሳ ያላለቀሰ የዋሽንግተን ደጋፊ አላውቅም። ነገር ግን የመጨረሻዎቹን ሁለት ግቦች ማን እንዳገባቸው አየን።

የቡድኑ አስተዳዳሪዎች ይህንን ማየታቸውን እጠራጠራለሁ። ትሮትዝ ዋንጫው በተነሳ በ11ኛው ቀን በውል ሳይስማማ ቀርቶ ለቀቀና ወደ ኒው ዮርክ አይላንደርስ ሄደ። ስሚዝ ፔሊ በተከታዩ ዓመት ፌብሩዋሪ ወደ ታችኛው ሊግ ተላከ። በ2019 ጥሎ ማለፍ የመጀመሪያ ዙር ዋሽንግተን ከካሮላይና ጋር ሰባተኛ ጨዋታ ደረሰች፣ በሜዳዋ፣ ሁለተኛ ጭማሪ ሰዓት። የካሮላይና አምበል ፓኳን ወደ በሩ ላከ፣ የቡድን አጋሩ ብሮክ መጊን ነክቶ አስገባት፣ ዋሽንግተን ወጣች። አምበሉ ጀስቲን ዊሊያምስ ነበር።