የዕረፍቱን ቀን ዋጋ ማን ይክፈል?

ባለፈው ሰሞን በመኝታ ቤታችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ክርክሩም በሳምንት አራት ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ማረፍ ይበጃል ወይስ አይበጅም የሚል ነው። አንዱ ወገን በአይስላንድ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2019 ድረስ 2,500 ያህል ሠራተኞች ደመወዛቸው ሳይነካ የሥራ ሰዓታቸው እንዳጠረላቸው፤ በእንግሊዝ አገርም በ2022 61 ድርጅቶች ይህንኑ ሞክረው አብዛኞቹ እንደ ቀጠሉበት አስረዳ። ሌላው ወገን ግን «ድኻ አገር በምን አቅሙ ያርፋል?» ሲል መለሰ። እኛ የገለጉ ልጆች ያን ዕለት አዳማጮች ብቻ ነበርን። ያልተናገርነውን እነሆ ዛሬ ልንጽፈው ወደድን።

በመጀመሪያ ሁለት ቀን ማረፍ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1442 ዓ.ም. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ የተሰበሰበው ጉባኤ ቅዳሜም እንደ እሑድ እንዲከበር ወስኗል። ፎርድ የተባለው የአሜሪካ የመኪና ፋብሪካ የአምስት ቀን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። በዕረፍትስ ከፎርድ ቀድመን ነበር! ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው?

ችግሩን ያየነው በሰሊጥ ማሳ ላይ ነው። ሰሊጥ ቀጠሮ አይሰጥም። ፍሬውን የያዘው ቅርፊት ሲደርቅ አፉን ይከፍትና ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ሳይደርቅ ታጭዶ፥ ታስሮ፥ በሂላ በሂላ እየተደገፈ መቆም አለበት። ለዚህም ሥራ ከደጋው ብዙ ሰው ወደ ቆላው ይወርዳል። ክፍያውም ብዙውን ጊዜ በቁርጥ ነው፤ ያጨደ ይቀበላል፥ ያላጨደ አይቀበልም።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት 12 ቀን ሚካኤል ዓርብ ዋለ። ቅዳሜና እሑድ ሲጨመሩ ሦስት ቀን ሆነ። አባታችን ወደ ማሳው እያዩ «ሰሊጡ በዓል አያውቅም» አሉ። አጫጆቹ ግን ማጭዳቸውን አኑረው ዐረፉ። አንድ በዕድሜ እኛን የሚያክል ልጅ ብቻ ቅዳሜ ጧት ማጭዱን አነሣ። ጓደኞቹ ቢቆጡት «በዓሉንስ ባከብር ደስ ባለኝ፤ ለእናቴ የምልከው ከየት ይመጣል?» አላቸው። እሑድንም ሠራ። ሰኞ በትኩሳት ተኛ፤ ወባ ነበረ። ወባው ከሥራው መጣ አንልም፤ ጐኑን ሳያሳርፍ እንዳገኘው ግን በዓይናችን አይተናል። ሳምንቱን ሙሉ ያለ ክፍያ ተኛ። አባታችን የረገፈውን ሰሊጥ ቈጠሩ፤ ልጁ ያጣውን ቀን ቈጠረ። እኛ ደግሞ ዛሬ እዚህ ተቀምጠን የምንማረው ከዚያው ሰሊጥ በተገኘ ገንዘብ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኖ፥ በሳምንት ያልተቋረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል። የወር ደመወዝተኛው በሕዝብ በዓል ቀን ባለመሥራቱ ደመወዙ አይቀነስም። በሌላ መንገድ የሚከፈለውን ግን ለውሉ ወይም ለኅብረት ስምምነቱ ይተወዋል። ለመሆኑ በሰሊጥ ማሳ ዳር በቃል የሚደረግ ውል የዕረፍትን ቀን መቼ አንሥቶ ያውቃል?

እንግዲህ ሐሳባችን ይህ ነው። የሥራው ሳምንት ይጠር ብሎ መከራከር መልካም ነው፤ ሥራ የታከተው እጅ ጥሩ አያጭድም። ነገር ግን ያለ ክፍያ የተሰጠ ዕረፍት ለቁርጥ ሠራተኛ ጦም ማደር ነው። ስድስት ቀን ላጨደ የሰባት ቀን ይከፈለው፤ አጫጆችም በርከት ብለው በተራ ይረፉ፤ ሰሊጡም አይረግፍም። ይህን ለአባታችን ብንነግራቸው «ገንዘቡን ከየት አምጥቼ?» እንደሚሉን እናውቃለን። እውነታቸውን ነው፤ ጭማሪው የክፍያው ስድስተኛ እጅ ነውና ቀላል አይደለም። ቢሆንም እስከ ዛሬ ይህን ዋጋ ሲከፍል የኖረው ከሁላችንም ድኻ የሆነው ሰው ነው።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ! ስለ አራት ቀን ሥራ ደግመን ስንከራከር ያን ልጅ ከክርክሩ እንዳናስወጣው አደራ እንላለን።