ስለ እኅቴ ልጅ ሥራና አኗኗር

ከላሊበላ ከተማ ወደ ደቡብ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ፥ በገደል ሥር በዋሻ ውስጥ የታነጸው የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። እኅቴ የምትኖረው ከዚያው አጠገብ ነው። ጎረቤቶቿ «ልጅሽ አዲስ አበባ ምን ይሠራል?» ብለው ሲጠይቋት «በኮምፒዩተር ነው የሚሠራ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበራትም። ካህን ቢሆን ቅዳሴው ይሰማል፤ ገበሬ ቢሆን ክምሩ ይታያል፤ ነጋዴም ቢሆን ሱቁን ከፍቶ ያሳያል። የርሱ ሥራ ግን አይሰማም፥ ክምርም የለው። አንዳንዱ ሰው እንዲያውም ሥራ ፈትቶ ይሆናል ብሎ ይጠረጥር ነበር። እኔ ለጉዳይ አዲስ አበባ በሄድሁ ቍጥር ከቤቱ ስለማድር አኗኗሩን በዐይኔ አይቻለሁ። መንግሥት በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና ከጀመረ ወዲህ ልጆቻቸውን ወደዚህ ሙያ የሚያስገቡ ወላጆች በርክተዋልና፥ ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ።

የሙያው ስም የድረ ገጽ ፕሮግራመር ይባላል። ድረ ገጽ ማለት በኮምፒዩተር ወይም በስልክ መስታወት ላይ እንደ ተገለጠ መጽሐፍ የሚታይ ጽሑፍና ሥዕል ነው። ይህን ነገር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ያሰበው ቲም በርነርስ ሊ የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ በዚያን ጊዜ በጄኔቭ አጠገብ ባለው በሰርን የምርምር ተቋም ይሠራ ነበር። ተቋሙም በ1993 ማንም ሰው ያለ ዋጋ እንዲሠራበት ለዓለም ሁሉ ለቀቀው። አንባቢው የሚያየው የገጹን ፊት ብቻ ነው፤ በስተ ኋላው ያለው ትእዛዝ አይታየውም። እኛም በፍርድ ቤት ለባለጉዳይ የምንሰጠው የውሳኔውን ግልባጭ ነው እንጂ መዝገቡን በሙሉ አይደለም፤ መዝገቡ የተበላሸ እንደ ሆነ ግን ግልባጩም አይቃናም። የእኅቴ ልጅ ሥራ ያን የማይታየውን መዝገብ መጻፍ ነው።

አዲስ አበባ በየካ በኩል አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ንብረቱ አልጋ፥ ጠረጴዛ፥ ሁለት የኮምፒዩተር መስታወትና አንድ በገና ነው። አሠሪዎቹ በሩቅ አገር ስለ ሆኑ፥ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ እርሱ ሥራ ይጀምራል፤ እኩለ ሌሊት እስኪያልፍም ይቀመጣል። ጠዋት በሦስት ሰዓት ተኝቶ ያየው ሰው ሰነፍ ቢለው አያስደንቅም። ሥራ ሲጀምሩ ሁሉም በያሉበት አገር ሆነው ለሩብ ሰዓት ያህል በድምፅ ይገናኛሉ፤ እያንዳንዱም ትላንት ምን እንደ ሠራ፥ ዛሬ ምን እንደሚሠራ፥ ምን እንዳስቸገረው ይናገራል። ነገር የሚያስረዝም የለም። ይህ ልማድ ወደ ብዙ መሥሪያ ቤት ቢገባ ምንኛ መልካም ነበር!

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ጂት የሚሉት መዝገብ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተወላጅ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2005 ያወጣው ነው። በዚህ መዝገብ አንዲት ነጥብ እንኳ ብትለወጥ ማን እንደ ለወጣት፥ በየትኛው ቀንና ሰዓት፥ ስለ ምን ምክንያት እንደ ለወጣት ይጻፋል። በደንቡ ከተያዘም የቀድሞው ቃል አይጠፋም፤ በተፈለገ ጊዜ ይመለሳል። እኔ መዝገብ ስጠብቅ በኖርሁበት ዘመን የተፋቀ ቀን፥ የተቀደደ ገጽ፥ ፊርማ የሌለው እርማት ስንት አይቻለሁ። ልጁን «ይህን ያወጣው ሰው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርን?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀ።

የእኛ ፊደል ወደዚህ ዓለም የገባው ዘግይቶ ነው። ዩኒኮድ የሚባለው፥ የዓለም ፊደላት ሁሉ በቍጥር የሚመዘገቡበት ሥርዓት፥ የግዕዝን ፊደል የተቀበለው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 በ3ኛው እትሙ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሠሪ በየራሱ ቍጥር ይጽፍ ስለ ነበረ፥ ካንዱ ማሽን ወደ ሌላው የተላከ የአማርኛ ደብዳቤ ትርጓሜ የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። አሁን ሀ ቍጥሩ 4608 ነው፤ ለ ደግሞ 4616 ነው። ለየፊደሉ ስምንት ስምንት ቦታ ተከፍሎለታል፤ ሰባቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፥ ስምንተኛውም እንደ ሏ ላለው። ስለዚህ የፊደሉን ቍጥር ለስምንት አካፍለው ምንም ባይተርፍ በአብዛኛው ግዕዝ ነው፤ አንድ ቢተርፍ ካዕብ፥ ሁለት ቢተርፍ ሣልስ፥ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ይህን ባስረዳኝ ጊዜ በልጅነቴ ከየኔታ ዘንድ የተማርሁት ባሕረ ሐሳብ ትዝ አለኝ፤ እርሱም ዓመታቱን ለአራት አካፍሎ በተረፈው ወንጌላዊውን የሚያውቅ ነውና።

ስለ ፊደል ደግሞ አንድ ጊዜ ብርቱ ክርክር ተከራከርን። ለአንድ መሥሪያ ቤት የስም መፈለጊያ ገጽ ይሠራ ነበር፤ በዚህም ውስጥ ሃሌታውን ሀ፥ ሐመሩን ሐና ብዙኃኑን ኀ እንደ አንድ አድርጎ ቈጠራቸው፤ ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ፥ ጸሎቱን ጸ ከፀሐዩ ፀ ጋር ቀላቀላቸው። እኔም ተቈጣሁ። «በግዕዝ በንጉሡ ሠ ሠረቀ ስትል ፀሐይ ወጣ ማለትህ ነው፤ በእሳቱ ሰ ሰረቀ ስትል ግን ሌባ አደረግኸው። ሠረቀ ብርሃን የሚባለውን ሰው ብርሃን ሰራቂ ልታደርገው ነውን? ይህን በክስ ማመልከቻ ላይ ብትጽፈው ሰው ይታሰርበታል» አልሁት። እርሱም ታግሦ ሰማኝና «አጎቴ፥ የተጻፈው እንደ ተጻፈ ይቀመጣል፤ አንድ ፊደል አልነካም። የሚፈልገው ሰው ግን ፊደሉን በየትኛውም ቢጽፍ ሰውየውን ያገኘው ዘንድ ነው። እርስዎ ዘንድ ኃይሉ የተባለ ባለጉዳይ ስሙ በስንት ዓይነት ተጽፏል?» አለኝ። በእውነት አንዱ ጸሐፊ ኃይሉ፥ ሁለተኛው ሀይሉ፥ ሦስተኛው ሐይሉ ብሎ ስለ ጻፈው ሰውየው መዝገብህ የለም እየተባለ ሲመላለስ አይቻለሁ። ስለዚህ በዚህ ተስማማን፦ መጻፉ እንደ ሊቃውንቱ፥ መፈለጉ እንደ ሕዝቡ። እንዲህም ሆኖ ተሠራ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ይህ ሙያ በየትኛውም ስፍራ ተቀምጠው ሊሠሩት ይቻላል ተብሎ ይመሰገናል፤ ልጁም ይህን አምኖ ነው የተማረው። ላስታ በጦርነቱ ጊዜ፥ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ፥ ከተማይቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ፥ እርሱ አዲስ አበባ ሆኖ የእናቱን ድምፅ ሳይሰማ ብዙ ወራት አሳልፏል። ስለዚህ ሰላም በሆነ ጊዜ በግንቦት 2015 ዓ.ም. ኮምፒዩተሩንና በገናውን ይዞ፥ በደሴ በወልድያ በጋሸና አድርጎ አገሩ ገባ። ላሊበላ ላይ ቤት ተከራየ፤ በቀን እናቱን እየረዳ፥ በሌሊት ይሠራ ጀመር። እኅቴ በዚያን ሁለት ወር እንደ ደስታዋ ያለ ደስታ አላየሁባትም።

በትርፍ ሰዓቱም ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ ገጽ ይሠራ ነበር፤ ለልደት በዓል የሚመጡ ምእመናን ክፍል እንዲይዙበት ነው። ከውጭ አገር የመጣው የቀን መቍጠሪያ ጳጕሜን የማያውቅ፥ ቀኑንም ከንጋት ሳይሆን ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር ስለ ሆነ፥ የሒሳቡን ሥራ ራሱ አዲስ አድርጎ ጻፈው። በዓሉን ግን በየዓመቱ ታኅሣሥ 29 ቀን ብሎ አስቀምጦት ነበር። እኔም ወረቀት አስመጥቼ 5500 ላይ 2016 ደመርሁ፤ 7516 ሆነ፤ ለአራት ሲካፈል ምንም አይተርፍም፥ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ከዘመነ ሉቃስ ጳጕሜን 6 ቀን በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ልደት ታኅሣሥ 28 ቀን ነው የሚከበር። እንደ ጻፈው ቢሆን ኖሮ እንግዶቹ የሚደርሱት ካህናቱ በቤተ ማርያም ከላይና ከታች ሆነው ቤዛ ኵሉ አሸብሽበው ከጨረሱ በማግሥቱ ነበር። ልጁ ሁለት መስመር ጨመረና ነገሩ ተስተካከለ። በ2020 ዓ.ም. ደግሞ እንዲሁ 28 ቀን ይሆናል።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግን በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔትም ተቋረጠ። መብራት ቢጠፋ ኩራዝ ይበራል፤ ውኃ ቢጠፋ ወንዝ ይወረዳል፤ ይህ ግን በምንም አይተካም። ከፊቱ ያለው ኮምፒዩተር ደኅና ሆኖ ሳለ ዕቃ ብቻ ሆነ። ለአሠሪዎቹ እኔ አለሁ የሚል አንዲት መስመር የሚልክበት መንገድ ዐጣ። እኅቴ ጾመ ፍልሰታን ስታስቀድስ እርሱ ከደጅ ተቀምጦ ስልኩን ያይ ነበር። መንገድ በተከፈተ ጊዜ አዲስ አበባ ደርሶ ደብዳቤዎቹን ቢከፍት፥ የመጀመሪያው ደኅና ነህን የሚል፥ ሁለተኛው ለምን ዝም አልህ የሚል፥ ሦስተኛው ሥራህን ለሌላ ሰጥተናል የሚል ሆኖ አገኘው። እነርሱ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የሚሠሩት ሥራ ቀን የተቈረጠለት ነው። ልጁ አምስት ወር ያለ ሥራ ተቀመጠ።

በዚያን ጊዜ ያቆመው ሁለት ነገር ይመስለኛል። አንዱ በገናው ነው፤ ዐሥሩን አውታር ቀስ ብሎ ሲደረድር፥ በቍልፍ ላይ የሚሮጡት ጣቶች የሌላ ሰው ይመስላሉ። ሁለተኛው እግሩ ነው። መንገዱ ደኅና በሆነ ጊዜ ሁሉ ተራራ ይወጣል። ከ4200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በአቡነ ዮሴፍ ላይ ጅብራው መካከል ጭላዳ ሲግጥ፥ አንዳንዴም ቀይ ቀበሮ ሲያልፍ በፎቶግራፍ አንሥቶ አሳይቶኛል። ይምርሐነ ክርስቶስ ሄዶም በዋሻው ውስጥ የእንጨትና የነጭ ግንብ ድርብርብ የሆነውን ግድግዳ ግማሽ ቀን ሲመለከት ዋለ፤ «የእኔ ሥራ ዐሥር ዓመት ከቆየ እንደ ተአምር ይቈጠራል» አለኝ። ለሥራ አንድ ጊዜ ናይሮቢ ሄዶ ነበር፤ ከዚያም ያመጣልን ሻይ ቅጠል ነው።

እናቱ አሁን አግባ እያለች ታስጨንቀዋለች፤ «ወንድም ዓለም፥ አንተን ይሰማሃልና ንገርልኝ» ትለኛለች። እኔ ስለ ጋብቻው ገና አልተናገርሁም። አስቀድሞ አገሩ ተቀምጦ የሚሠራበት መንገድ መገኘት አለበት ብዬ ዐሰብሁ። ስለዚህ አዲስ አሠሪዎች ባገኘ ጊዜ ውሉን አሳየኝና፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማርሁት እንግሊዝኛ አንድ አንቀጽ ረቂቅ ጻፍሁለት። ይኸውም ሠራተኛው ላስታ ሳለ ሦስት ቀን ዝም ያለ እንደ ሆነ መስመሩ እንደ ተቋረጠ ይቈጠራል እንጂ ሥራውን እንደ ተወ አይቈጠርም፤ እስከ ሠላሳ ቀንም ቦታው ይጠበቅለታል፤ ደመወዙ ግን ላልሠራበት ቀን አይከፈልም የሚል ነው። አንዲት ቃል ለውጠው፥ ሠላሳውን ሃያ አንድ አድርገው፥ ፈርመው መለሱት። ልጁም ለልደት በዓል መጥቶ እስከ ጥምቀት ከእናቱ ቤት ሠርቶ ሄደ።