የሲቪው መስኮት

ቡናው እስኪፈላ አንድ መርከብ ላስጎብኛችሁ። በየትኛውም ወደብ አታገኙትም፤ ሰው በምናቡ የሠራው ነው። ስሙ ሲቪው ይባላል፤ በኒውክሌር ኃይል የሚንቀሳቀስ የምርምር ሰርጓጅ መርከብ ነው። አሜሪካዊው የፊልም አዘጋጅ ኢርዊን አለን «ቮያጅ ቱ ዘ ቦተም ኦቭ ዘ ሲ» በተባለው ፊልሙ በ1961 ለሕዝብ አሳየው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።) ከዚያም ከ1964 እስከ 1968 በኤቢሲ ቴሌቪዥን 110 ክፍል ያለው ተከታታይ ድራማ ወጣው። ድራማውን ለሌላ ቀን እናቆየው። ዛሬ ልቤ ያለው የመርከቡ አሠራር ላይ ነው፤ ምኑ የት ተቀመጠ፣ ለምንስ እዚያ ተቀመጠ በሚለው ላይ።

ከአፍንጫው ልጀምር፤ የሲቪው ነገር ሁሉ እዚያ ነውና። የመርከቡ ፊት ሰፊና ጠፍጣፋ ሆኖ ግራና ቀኝ ክንፍ አውጥቷል። በፊልሙ ላይ ከውጭ ሲታይ ስምንት ትልልቅ መስኮቶች በሁለት ረድፍ ተደርድረውበታል፤ በድራማው ሁለተኛ ዓመት ወደ አራት ወረዱ። ከመስኮቶቹ ሥር ጨለማውን ባሕር የሚሰነጥቅ ትልቅ መብራት አለ። ከመስታወቱ ጀርባ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጠረጴዛ ከቦ ካርታ ላይ ይነጋገራል፣ ቀና ሲል ባሕሩ ፊቱ ነው። አደጋ ሲመጣ የብረት መዝጊያ ከጎንና ከጎን መጥቶ ይገጥምና መስኮቱን ከቀረው ክፍል ይለየዋል። መርከቡን የነደፈው አድሚራል ሃሪማን ኔልሰን ራሱ ሳይንቲስት ነው፤ በፊልሙ ዋልተር ፒጅን፣ በድራማው ሪቻርድ ቤዝሃርት ተጫውተውታል። ሳይንቲስት ቤት ሲሠራ ሳሎኑን የሚያደርገው መስኮቱ ዘንድ መሆኑ አያስገርምም።

ይህ ቦታ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ የጦር ሰርጓጆች ከ1960ዎቹ ጀምሮ አፍንጫቸውን በድምፅ ለሚያዳምጠው መሣሪያ፣ ለሶናር፣ ሰጥተዋል። ከሁሉም የተሻለው ማዳመጫ ቦታ እሱ ነው፤ የሞተሩ ድምፅ ከኋላ ነው፣ ፊት ለፊቱ ንጹሕ ውሃ ነው። ለሶናሩ ሲሉ ቶርፔዶ መተኮሻውን ሳይቀር ወደ ጎን ገፍተውታል። መስኮት የሚባል ነገር ደግሞ ጭራሽ የላቸውም። የጦር ሰርጓጅ ያዳምጣል እንጂ አያይም። ሲቪው ግን በጣም ውዱን ቦታ ለዓይን ሰጠ። ሌላው ዕቃው ሁሉ ቢቀየር ግድ የለኝም፤ መርከቡን የምርምር መርከብ የሚያሰኘው ይህ ውሳኔ ነው።

ወደ ኋላ እንሂድ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የመቆጣጠሪያው ክፍል ከመስኮቱ ክፍል ጋር ተያይዞ ተከፈተ፤ ካፒቴን ሊ ክሬን ከፔሪስኮፑ ዞር ሲል የሚሄድበትን ባሕር በዓይኑ ያየዋል። ከወለሉ ሥር፣ አፍንጫው ውስጥ፣ ቢጫ ቀለም የተቀባ በራሪ ሰርጓጅ ተሸሽጓል። በወለል ክዳን በኩል ወርደው ይገቡበታል፤ ከታች በር ይከፈትና ወደ ባሕር ይወድቃል፤ ከዚያ ከውሃው ወጥቶ አየር ላይ ይበራል። ከዚህ በኋላ የኔልሰን ክፍል፣ ቤተ ሙከራው፣ በሽቦ የተሞላው የኤሌክትሪክ ክፍል ይመጣሉ። ሪአክተሩ ከኋላ ነው።

አንድ የማልወድለት ክፍል አለ፤ የሚሳይሉ ክፍል። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነበርና መርከቡ የኒውክሌር ሚሳይል ታጥቋል። ጠላቂዎች የሚወጡበት በር፣ ትንሿ ሰርጓጅና ወደ ታች በገመድ የሚወርደው የመጥለቂያ ደወል ሁሉ እዚያው ክፍል ውስጥ ተጨናንቀዋል። ባሕርን ለማጥናት የመጣው ዕቃ የሚሳይሉ ደባል ሆኖ ይኖራል።

በፊልሙ ውስጥ ደግሞ የሻርክ ገንዳ አለ። ፒተር ሎሬ የሚጫወተው ሰውዬ ገንዳው ውስጥ ገብቶ ሻርኩን ይዞ ያራምደዋል። ሻርክ ማኖሩን እንደ ሳይንስ ፍቅር እወድለታለሁ፤ ገንዳውን ግን እፈራለሁ። ክዳን የሌለው ውሃ መርከቡ ባዘነበለ ቁጥር ወዳዘነበለበት ጎን ይሮጣል፤ ሮጦም ዘንበልታውን ያብሰዋል። የመርከብ መሐንዲስ ከሚጠላቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

እንግዲህ ወደ እውነቱ ልምጣ። በኒውክሌር የሚሄድ የምርምር ሰርጓጅ በርግጥም ተሠርቶ ነበር። ስም እንኳ አልወጣለትም፤ መጠሪያው ኤንአር-1 ብቻ ነበር። የአሜሪካ የኒውክሌር ባሕር ኃይል አባት የሚባለው አድሚራል ሃይማን ሪኮቨር አሠራው፤ በ1969 መጀመሪያ ኮነቲከት ውስጥ ግሮተን ላይ ውሃ ነካ፤ እስከ 2008 አገለገለ። ርዝመቱ 45 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 400 ቶን ገደማ ነው። እስከ 724 ሜትር ይጠልቃል። ባልደረቦቹ ደርዘን ገደማ ሲሆኑ ከእነሱ ውስጥ ተመራማሪዎቹ ሁለት ቢሆኑ ነው።

አሁን የሲቪውን ሰፊ ሳሎን አስቡና ይህን ሰውነት ተመልከቱ። የኋላው ክፍል የሪአክተሩና የተርባይኑ ነው፤ ሰዎቹ ጨረር በሚከለክል ግድግዳ ተለይተው ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ቦታ ይኖራሉ። ኩሽና የሚባል የለም፤ የቀዘቀዘ የታሸገ ምግብ አሙቀው ይበላሉ። ገላ መታጠብ በሳምንት አንዴ በአንድ ባልዲ ውሃ ነው። የሚተነፍሱት ኦክሲጅን ሲነድ ኦክሲጅን ከሚሰጥ ኬሚካል ይመጣል። ፍጥነቱ በሰዓት ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሩቅ ቦታ የሚደርሰው በሌላ መርከብ እየተጎተተ ነው።

ዕቃው ግን ልብ ይሰርቃል። ከሆዱ ሥር ሁለት የከባድ መኪና ጎማዎች አሉት፤ የባሕር ወለል ላይ ያርፍና በእነሱ ይሄዳል። ጎማዎቹ የተሞሉት በአልኮል ነው፤ አየር ቢሞሉ ኖሮ በዚያ ጥልቀት ተጨፍልቀው ይለጠፉ ነበር። ዕቃ የሚያነሳ የብረት ክንድ አለው። ከፊትና ከኋላ የተገጠሙ አራት ተጨማሪ ማንቀሳቀሻዎች ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎንም ይገፉታል፤ ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ረግቶ መቆም ይችላል። ሲቪው ይህ የለውም፤ እሱ ሁሌም ወደፊት እየገሰገሰ ነው። ባሕርን የሚያጠና መርከብ መሄድን ብቻ ሳይሆን መቆምንም ማወቅ አለበት፤ በዚህ በኩል እውነተኛው ከምናቡ በለጠ።

የኒውክሌሩ ጥቅም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሰዎች ኒውክሌር ሲሉ ፍጥነት ይመስላቸዋል፤ ለምርምር ግን ትርጉሙ ጊዜ ነው። በናፍጣ የሚሄድ ሰርጓጅ አየር ፍለጋ ይወጣል፣ የባትሪው ኃይል ያልቃል። ሪአክተር አየር አይፈልግም፣ ነዳጁም ለዓመታት አያልቅም። ስለዚህ ኤንአር-1 ለአንድ ወር ያህል ከታች ሊቆይ ይችል ነበር። በ1976 ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ተንሸራቶ ስኮትላንድ አጠገብ የሰጠመውን ኤፍ-14 የጦር አውሮፕላንና ሚሳይሉን በመፈለግ ተካፈለ። በ1986 ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር ስትፈነዳ ስብርባሪዋን ከባሕር ወለል ፈለገ። በ1995 የታይታኒክ እህት የሆነችውን ብሪታኒክን ለባሕር ተመራማሪው ለሮበርት ባላርድ አስጎበኘ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ባላርድ ከሲሲሊ በስተምዕራብ የሮማውያንን ዘመን የንግድ መርከቦች ሲፈልግ አብሮት ነበር።

ታዲያ መስኮቱስ? ኤንአር-1 ሦስት ትንንሽ መስኮቶች ብቻ ነበሩት፤ እነሱም ከሆዱ ሥር ናቸው። ተመራማሪው በደረቱ ተኝቶ፣ ፊቱን ወደ መስታወቱ ደፍቶ ነው ወለሉን የሚያየው፤ የውጭ መብራቶቹ የሚደርሱበትን ያህል። ሰዓታት እንዲያ ነው። አንገቱን ሲደክመው ቀና ይላል፤ ቀና ሲል የሚያየው ብረትና ቱቦ ነው።

ለምን እንዲያ እንደጠበበ ስሌቱን እንመልከት፤ ቀላል ነው። በየ10 ሜትሩ የውሃው ግፊት በግምት አንድ አትሞስፌር ይጨምራል። በ724 ሜትር ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ መስታወት ከ700 ቶን በላይ ይሸከማል፤ ጭነት የሞላ ሲኖትራክ ሃያ ያህሉን ደራርባችሁ እንደጫናችሁበት ቁጠሩት። የሲቪው መስኮት ደግሞ ከዚያም ይሰፋል፣ መርከቡም ከዚያ በላይ ይጠልቃል። ኔልሰን ልዩ መስታወት ፈጥሬያለሁ ይላል፤ መስታወቱ ጠነከረ ብንል እንኳ ዙሪያውን የያዘው የብረት ክፈፍ ምን ይሁን? ቀዳዳ የተከፈተበት ግድግዳ የሚደክመው በዳሩ ነው። ትልቅ ጥልቀት የሚደፍሩት እንደ አልቪን ያሉ ሰርጓጆች ይህን ያውቁታል። የአልቪን ሰዎች የሚቀመጡበት ክፍል እንደ ኳስ ክብ ነው፤ መስኮቱ ወፍራም አክሪሊክ ሆኖ ወደ ውጭ ሰፍቶ ወደ ውስጥ የሚጠብ ነው። ባሕሩ በተጫነው ቁጥር ወደ መቀመጫው ይበልጥ ይገጥማል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ያፈለቀ ሰው እጁ ይባረክ።

አልቪን በ1964 ነው ሥራ የጀመረው፤ ሦስት ሰው ይይዛል። በ1977 ጋላፓጎስ አጠገብ፣ 2,500 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ከምድር ውስጥ የሚፈልቅ ሙቅ ውሃና በዙሪያው የፀሐይ ብርሃን ሳይሻ የሚኖር ሕይወት በሰው ዓይን የታየው በእሱ መስኮት ነው። ነገር ግን በባትሪ ይሄዳል፤ ከታች የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው። አየ፣ ተመለሰ።

ስለዚህ እኔ ሲቪውን የማየው እንዲህ ነው። አልቪን መስኮት አለው፣ ጊዜ የለውም። ኤንአር-1 ጊዜ አለው፣ መስኮቱ የተኛ ሰው ፊት ያህል ነው፤ ጥልቀቱም ውስን ነው። ሁለቱን አንድ ቤት ውስጥ ያኖረ ያ የፊልም መርከብ ብቻ ነው። ኤንአር-1 ከተሰናበተ በኋላ የአሜሪካ ባሕር ኃይል እሱን መሰል የምርምር ሰርጓጅ አልተካም። ዛሬ ሥራው በአብዛኛው በካሜራ ለታጠቁ ሰው አልባ መሣሪያዎች ተላልፏል፤ ብዙ ያሳዩናል፣ ዋጋቸውም ይቀንሳል። ይህን አልክድም። ሆኖም ካሜራ ያነጣጠሩበትን ያሳያል፤ ሰው ግን ወር ሙሉ መስኮት ዘንድ ቢቀመጥ ያልጠበቀውን ያያል። የጋላፓጎሱም ሕይወት ያልተጠበቀ ነበር።

ሲቪውን የማወርድበትን ቦታም ከጎረቤታችን እመርጣለሁ፤ ቀይ ባሕርን። በሱዳንና በሳዑዲ ዓረቢያ መካከል፣ ከ2,000 ሜትር በታች፣ አትላንቲስ ሁለት የሚባል ጥልቅ ስፍራ አለ፤ ስሙን ያገኘው በ1960ዎቹ ካጠናው የአሜሪካ የምርምር መርከብ ነው። ይኸው መርከብ በኋላ የአልቪን እናት መርከብ ሆኖ ነበር። ስፍራው ላይ ከባሕሩ ውሃ ብዙ እጥፍ ጨው ያዘለ፣ ከ55 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ውሃ ተኝቷል፤ ከሥሩ ዚንክና መዳብ የተቋጠረበት ጭቃ አለ። ምክንያቱ ዓረቢያና አፍሪካ መለያየታቸው ነው፤ አፋርን የሚሰነጥቀው ኃይል እሱ ነው። ኤንአር-1 እዚያ ለመድረስ ቢሞክር መንገዱን ሲሶ ያህል ሄዶ ይቆም ነበር።

ሲቪውን ግን እዚያ አውርዱት። ጨዋማው ውሃ ከላይኛው ከአሥር በመቶ በላይ ይከብዳል፤ ስለዚህ ለባሕር ውሃ የተመዘነ መርከብ አይሰጥምበትም፣ ከላዩ ላይ ተንሳፍፎ ያርፍበታል። ሞተር ሳይነሳ ለሳምንታት በአንድ ቦታ መቀመጥ ይቻላል ማለት ነው፤ መስኮቱም ከጨው ሐይቁ ፊት ለፊት። የመጥለቂያው ደወል ተጨማሪ እርሳስ ታስሮለት በገመዱ ወደ ሙቁ ውሃ ይውረድ፤ የጭቃውንም ናሙና ያምጣ። ለናሙናው ማቀዝቀዣና መመርመሪያ ቦታ ያስፈልጋልና ሚሳይሎቹን ሁሉ አውርጄ ያንን ክፍል እሰጠዋለሁ። የሻርኩም ገንዳ ክዳን ይደረግለት።