ዘጠነኛው ፊልም

ሰው ሥራ የሚሠራበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ለእንጀራው፣ አንዱ ለስሙ፣ አንዱም በልቡ ያደረው ሐሳብ እንቅልፍ ስለ ነሣው ይሠራል። ከነዚህ ሁሉ የተለየ አንድ ሌላ ምክንያት ደግሞ አለ፤ እርሱም ሥራው እንዲኖር ሳይሆን መብቱ እንዳይጠፋ ተብሎ የሚሠራበት ነው። ርስቱ ጠፍ ሆነ ተብሎ ለሌላ እንዳይሰጥበት የሚሠጋ ሰው፣ በሬ ጠምዶ አንድ ሁለት ትልም አውጥቶ ቢመለስ፣ ማረስስ አርሷል፤ ነገር ግን ዘር አልዘራም፤ መከርም አይጠብቅም። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው አስተያየት እንዲህ ባለ ትልም ላይ ነው።

የፊልሙ ስም «ሄልሬይዘር፦ ሬቨሌሽንስ» ይባላል። ከ1987 ጀምሮ ሲያያዝ የመጣው «ሄልሬይዘር» የተባለው የአስፈሪ ፊልሞች ተከታታይ ዘጠነኛው ክፍል ሲሆን፣ በአሜሪካ የወጣው በ2011 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።) እኛም በዚህ ፊልም ላይ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት የቀደሙትን ስምንቱን በየምሽቱ አንድ አንድ እያልን በተራ ተመልክተናል። ዘጠነኛውን ግን ሁለት ጊዜ አይተነዋል፤ ክፉ ነው የተባለ ሥራ ከመልካሙ ይልቅ ጠንቃቃ ምስክር ያስፈልገዋልና።

ነገሩ ከሥሩ እንዲታወቅ ከመጀመሪያው እንነሣ። ክላይቭ ባርከር የተባለው የሊቨርፑል ተወላጅ እንግሊዛዊ ደራሲ በ1986 «ዘ ሄልባውንድ ሃርት» የተሰኘ አጭር ልብ ወለድ አሳተመ። ከዚህ ፊልም በፊት እርሱ የጻፋቸውን ሁለት ድርሰቶች ሌሎች ሰዎች ፊልም አድርገውበት፣ በውጤቱ አልተደሰተም ነበር። ስለዚህ ይህኛውን ለሌላ እጅ አልሰጥም ብሎ፣ ረጅም ፊልም አዘጋጅቶ የማያውቅ ሲሆን ራሱ አዘጋጀው። ወጪውም 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ይህ ገንዘብ በፊልም ሥራ ዓለም እንደ ድኻ ስንቅ የሚቆጠር ነው።

ታሪኩም እንዲህ ነው። ፍራንክ የተባለ ሰው የዓለምን ተድላ ሁሉ ቀምሶ ከሰለቸው በኋላ፣ ከዚህ የሚያልፍ ደስታ ይገኝበታል የተባለ አንድ ትንሽ የእንቆቅልሽ ሣጥን ገዝቶ ይከፍታል። ሣጥኑ ሲከፈት የሌላ ዓለም ፍጡራን መጥተው ሥጋውን በመንጠቆ በጫጭቀው ይወስዱታል። ከጊዜ በኋላ ወንድሙ ከሚስቱ ጋር ወደዚያው ቤት ሲገባ፣ ከወንድሙ እጅ የፈሰሰ ደም በወለሉ ሠርጎ ሙቱን ያስነሣዋል። ቀድሞ የፍራንክ ውሽማ የነበረችው የወንድሙ ሚስትም፣ እርሱ ዳግመኛ ሥጋ እንዲለብስ፣ እንግዳ ወንዶችን እያባበለች ወደ ቤት እያመጣች ትገድልለታለች። በመጨረሻም ፍራንክ የገዛ ወንድሙን ቆዳ ለብሶ ይቀርባል። እንግዲህ ከደሙና ከመንጠቆው በታች ያለው ነገር የቤተ ሰብ ታሪክ ነው፤ ምኞት ልጓም ሲያጣ ወንድምን እስከ ማስበላት እንደሚደርስ የሚያሳይ ነው።

ከሌላው ዓለም የሚመጡት ፍጡራን «ሴኖባይት» ይባላሉ። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን በማኅበር የሚኖሩ መነኮሳት ማለት ነው፤ በእኛ አገር አነጋገር የአንድነት ገዳም ሰዎች እንደ ማለት ነው። ይህ ስም በከንቱ የተሰጣቸው አይመስለንም። ፍጡራኑ እንደ ማኅበር ሥርዓት አላቸው፤ እንደ ማኅበርም አለቃ አላቸው፤ ሣጥኑን ከፍቶ ካልጠራቸውም ሰው ዘንድ አይመጡም። ራሱና ፊቱ በሙሉ ምስማር የተተከለበትን፣ «ፒንሄድ» የተባለውን አለቃቸውን የተጫወተው ዳግ ብራድሊ ነው። በመጀመሪያው ፊልም ውስጥ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። አይጮኽም፣ አይሮጥም፤ እንደ ዳኛ ቆሞ ፍርዱን ይናገራል። የሚያስፈራውም ምስማሩ አይደለም፤ የሚናገረው ነገር ሕግ መሆኑ ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለተኛው በ1988፣ ሦስተኛው በ1992፣ አራተኛውም በ1996 ተከታትለው በሲኒማ ቤት ታዩ። በአራተኛው ላይ አዘጋጁ ኬቪን ያገር ሥራው ከእጁ ወጥቶ ስለ ተለወጠበት ስሙን አስወጣ፤ በእርሱም ፈንታ የአሜሪካ አዘጋጆች ሥራቸውን ሲክዱ ይጠቀሙበት የነበረው «አለን ስሚዚ» የተባለው የሐሰት ስም ተጻፈ። በ2000 ከወጣው ከአምስተኛው ጀምሮ ደግሞ ሲኒማ ቤት መግባቱ ቀርቶ ፊልሙ በቀጥታ በካሴትና በዲቪዲ ይሸጥ ጀመር።

የዚህም ንግድ አሠራሩ ቀላል ነው። ለሲኒማ ቤት የሚወጣ ፊልም ብዙ ቅጂና ብዙ ማስታወቂያ ይፈልጋል፤ በቀጥታ ለቤት የሚወጣው ግን ማስታወቂያው ስሙ ነው። በመደርደሪያ ፊት የቆመ ሰው የሚያውቀውን ስምና የሚያውቀውን ፊት ሲያይ እጁን ይሰዳል። በከተሞቻችን ቪዲዮ ቤት በበዛበት ዘመን ካሴት የተከራየ ሁሉ ይህን አይስተውም፤ ብዙ ጊዜ ስሙን ሰምተን እንጂ ታሪኩን ጠይቀን አልነበረም የምንከራየው። ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ ስሙን ይጠብቃል እንጂ ታሪኩን አይጠብቅም። በ2005 የወጣው ሰባተኛው ክፍል፣ «ዴደር» የተባለው፣ መጀመሪያ ከሄልሬይዘር ጋር ምንም ግንኙነት ያልነበረው የሌላ ሰው ድርሰት ነበር፤ ሣጥኑና ባለምስማሩ ኋላ ተጨመሩበት።

ወደ ዘጠነኛው እንመለስ። የተከታታዩን መብት የያዘው ዳይሜንሽን ፊልምስ የተባለው ድርጅት፣ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ አዲስ ክፍል ካልሠራ መብቱ ከእጁ የሚወጣ ሆነ። ስለዚህ ፊልሙ በችኮላ ተጻፈ፤ በጥቂት ሳምንታትም ተቀረጸ። ወጪው እንደ ተነገረው 300 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፤ ይህም ከ24 ዓመት በፊት ለመጀመሪያው ፊልም ከወጣው ገንዘብ ሲሶውን እንኳ አይሞላም። ዳግ ብራድሊ ስምንት ጊዜ የተጫወተውን ሚና በዚህ ጊዜ አልቀበልም አለ። ባርከርም ፊልሙ የእርሱ ሥራ እንዳልሆነ፣ በዚህ ገጽ ልናትመው በማይገባ ብርቱ ቃል ለሕዝብ አስታወቀ። ፊልሙም በ2011 በካሊፎርንያ በአንድ ሲኒማ ቤት ከታየ በኋላ በዚያው ዓመት በዲቪዲ ወጣ። ርዝመቱ 75 ደቂቃ ነው።

ታሪኩ ስቲቨንና ኒኮ የተባሉ የሁለት ወጣት ጓደኞች ታሪክ ነው። ከአሜሪካ ድንበር ተሻግረው ቲዋና ወደምትባለው የሜክሲኮ ከተማ ይሄዳሉ፤ የሚያደርጉትንም ሁሉ በትንሽ ካሜራ ይቀርጻሉ። በዚያም ሣጥኑን አግኝተው ይጠፋሉ። ከጊዜ በኋላ ሁለቱ ቤተ ሰቦች ሐዘናቸውን ይዘው በአንድ ቤት ለእራት በተሰበሰቡበት ምሽት፣ ስቲቨን ደም በደም ሆኖ ይመለሳል። የመጀመሪያውን ፊልም ያየ ሰው ግን ምሥጢሩን ቀድሞ ያውቀዋል፤ ቆዳው የስቲቨን ነው፤ በውስጡ ያለው ኒኮ ነው።

ሚዛናችን እንዳያደላ መልካሙን አስቀድመን እንናገር። ድርሰቱን የጻፈው ጌሪ ተኒክሊፍ፣ በብዙዎቹ የቀደሙ ክፍሎች ላይ የፍጡራኑን ገጽታና ቁስል በመሥራት ያገለገለ ባለሙያ ነው። ቤቱን ከውስጥ ያውቀዋል። ስለዚህ መካከለኞቹ ክፍሎች ጥለውት የሄዱትን ነገር እርሱ ከወደቀበት አነሣው፤ ቤተ ሰብን፣ ምኞትን፣ የሌላውን ቆዳ መልበስን። ወላጆቹ በእራት ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ጠፉት ልጆቻቸው ሲነጋገሩ፣ እያንዳንዱ የሚደብቀው ነገር እንዳለው ይታያል። እናቲቱ ልጇ የቀረጸውን የመጨረሻ ፊልም ለብቻዋ የምትመለከትበት ክፍል ደግሞ፣ ምስማርም መንጠቆም ሳይኖርበት፣ ከፊልሙ ሁሉ ይልቅ ልብን ያስጨንቃል።

ነገር ግን ገበሬው ዘሩን ቢያውቅም፣ የተሰጠው ቀን ለማረስ እንጂ ለመዝራት የሚበቃ አልነበረም። የፍራንክ ምኞት ከየት እንደ ተነሣና ወዴት እንደሚወስደው በመጀመሪያው ፊልም እናያለን፤ የሁለቱ ወጣቶች ምኞት ግን ይነገረናል እንጂ አይታየንም። ማንነታቸውን ሳናውቅ ይጠፋሉ፤ ሳናዝንላቸውም ይመለሳሉ። ያላዘነ ተመልካች ደግሞ አይፈራም። ስለ ባለምስማሩም አለቃ ብንናገር፣ አካሉ የአንድ ተዋናይ፣ ድምፁ የሌላ ነው። ተዋንያኑን አንወቅስም፤ በጥቂት ቀን ውስጥ የ24 ዓመት ጥላ ለመሸከም የተጠራ ሰው ከዚህ የበለጠ ማድረግ አይችልም። ፊልሙ ግን ሳያስበው ራሱን መሰለ። ስለ ሰው ቆዳ መልበስ የሚናገረው ታሪክ፣ እርሱም በበኩሉ የመጀመሪያውን ፊልም ቆዳ ለብሶ፣ «እኔ እርሱ ነኝ» እያለ ከደጃችን ቆመ።

ይህን ሐሳባችንን የሰማ አንድ መምህር ወዳጃችን፣ «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ሁሉ የናቀውን ፊልም እናንተ ደግሞ ስለ ምን ትመቱታላችሁ? በቀጥታ በዲቪዲ ከሚሸጥ ፊልምስ ምን ይጠበቃል?» ሲል ጠየቀን። ለፊተኛው ጥያቄ መልሳችን፣ ዛፉ ስለ ምን እንደ ወደቀ ሳይመረመር ቢቀር የቆሙት ዛፎች አይጠቀሙም የሚል ነው። ኋለኛውን ግን አጥብቀን እንቃወማለን። ሲኒማ ቤት አለመግባት ነውር አይደለም። በ2000 በቀጥታ ለቤት የወጣውን አምስተኛውን ክፍል ያዘጋጀው ስኮት ዴሪክሰን ነው፤ ረጅም ፊልም ሲያዘጋጅ የመጀመሪያው ያ ነበር፤ በ2016ም «ዶክተር ስትሬንጅ» የተባለውን ታላቅ ወጪ የወጣበት ፊልም አዘጋጅቷል። በ2022 ዴቪድ ብራክነር ያዘጋጀውና ጄሚ ክሌይተን የተባለችው ተዋናይት ባለምስማሩን አለቃ የሆነችበት አዲሱ «ሄልሬይዘር»ም በአሜሪካ የታየው በየቤቱ፣ በኢንተርኔት ነው፤ ሆኖም በጥንቃቄ የተሠራ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ ሥራው የሚታይበት ቦታ ሳይሆን ሥራው የታዘዘበት ምክንያት ነው።

ለመሆኑ ያ በችኮላ የታረሰ ትልም ርስቱን ጠበቀን? ለጊዜው ጠብቋል። ድርጅቱ በ2018 በዚያው በተኒክሊፍ አዘጋጅነት ዐሥረኛውን ክፍል አወጣ። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ሕግ አንድ ደራሲ የሥራውን መብት ካስተላለፈ ከ35 ዓመት በኋላ መልሶ የሚጠይቅበት በር አለው። ባርከርም በዚሁ በር ገብቶ፣ በፍርድ ቤት ክርክር ከተነሣና በ2020 ስምምነት ከተደረገ በኋላ፣ በአሜሪካ ያለውን መብት በ2021 መጨረሻ ተረከበ። በሌላ አነጋገር፣ ትልሙ ርስቱን ያቆየው ለ10 ዓመት ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ መሬቱ ወደ መጀመሪያው ባለቤት ተመለሰ።

ይህን ሁሉ የጻፍነው ስለ ፊልም ሠሪዎች ብቻ አስበን አይደለም። በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን ተብሎ በሰኔ ወር በጥድፊያ የሚፈጸም ግዥ፣ መዝገቡ ባዶ እንዳይታይ ተብሎ የሚሰጥ ትምህርት፣ ጽፏል ለመባል ብቻ የሚጻፍ ዘገባ፣ ሁሉም የዘጠነኛው ፊልም ወንድሞች ናቸው። ከነዚህ ሥራዎች በስተ ጀርባም ብዙ ጊዜ እንደ ተኒክሊፍ ያለ፣ ሥራውን የሚወድ፣ ነገሩን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ይገኛል። ያዘዘው ወገን የፈለገውን መብት ያገኛል፤ ተመልካቹም የሚከስረው 75 ደቂቃ ብቻ ነው። ትልቁ ኪሳራ የዚያ ሰው ነው፤ ምናልባት ለዓመታት በልቡ ይዞት የኖረውን መልካም ሐሳብ፣ ሊያበስለው በማይችልበት ሰዓት እንዲያወጣው ተገድዷልና። አንድ ጊዜ በጥሬው የወጣ ሐሳብም እንደገና ወደ ማድጋው አይመለስም።

ዘጠነኛውን ፊልም ለማየት የሚፈልግ ቢኖር ምክራችን አጭር ነው። አስቀድሞ የመጀመሪያውን ይመልከት፤ ልጆች ወደ መኝታቸው ከሄዱ በኋላም ይሁን፤ ሁለቱም ለልጅ ዐይን የሚሆኑ አይደሉምና። ከዚያም ዘጠነኛውን ያስከትልና፣ እናቲቱ የልጇን ፊልም ለብቻዋ በምትመለከትበት ክፍል ላይ ሲደርስ ጥቂት ይቁም። ይህ ሥራ ጊዜ ቢሰጠው ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደ ነበር የሚታየው እዚያ ላይ ነው።