ተራራው አለ፣ ሬዲዮው የለም

ስማዳ ውስጥ፣ በሽሎ በረሃ አፋፍ ላይ ያለ ሰው ኔትወርክ ሲጠፋበት ስልኩን ይዞ ጉብታ ይወጣል። ማንም አላስተማረውም፤ ግን የሠራው የሬዲዮ ሰዎች የሚሠሩትን ነው።

ቪኤችኤፍ የሚባለው፣ ከ30 እስከ 300 ሜጋኸርዝ ያለው ሞገድ፣ እንደ አጭር ሞገድ ከሰማይ ነጥሮ የሚመለሰው ከስንት አንዴ ነው። በአብዛኛው እንደ ዓይን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ተራራ ሲጋርደው ይቀራል። ስለዚህ ከመሣሪያው ዋጋ ይልቅ የቆሙበት ቦታ ይወስናል። 5 ዋት የእጅ ሬዲዮ ሜዳ ላይ ከጥቂት ኪሎ ሜትር አያልፍም። ያው ሬዲዮ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጉና ላይ ቢወጣስ? ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በ2,300 ሜትር ልዩነት፣ መሐል ላይ የሚጋርድ ከሌለ፣ የሬዲዮው አድማስ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ገደል ውስጥ ያለ ሰው ጉናን ካላየ ግን ጉናም አይሰማውም። አፋፉ ላይ ቆሞ የሚቀባበል ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ኢቲ3ኤኤ የተባለ የአማተር ሬዲዮ ጣቢያ አለ። ይህ ዕውቀት ከአምስት ኪሎ ወጥቶ ጋይንትና እስቴ ቢደርስ፣ ፈቃዱም ለወጣቱ ቢቀል፣ ስልክ በተቋረጠ ቀን ምጥ የያዛት እናት ቃሬዛ ሳይነሳ ሐኪም ቤቱ ይሰማ ነበር። ከፍታውን ተፈጥሮ ሰጥታለች፤ የቀረው የሰው ድርሻ ነው።