በእህቴ ስም የተቀመጠው ብር

ከሳዑዲ የመጣ ገንዘብ እኛ ቤት ከአንድ ሌሊት በላይ አያድርም ነበር። የእናቴ ሕግ ነው። ማታ ሪያል የያዘ መንገደኛ በራችንን ካንኳኳ፣ በማግሥቱ ጠዋት ሻርፗን ጣል አድርጋ "ተነሥ፣ የእህትህን ደብተር አምጣ" ትለኛለች። ከሰፈራችን ተነሥተን ደሴ ፒያሳ እንሄድና ባንኩ ሳይከፈት ከጥበቃው ፊት ተሰልፈን እንጠብቃለን።

እህቴ በ2001 ዓ.ም. በኮንትራት ወደ ሪያድ ስትሄድ የቤተሰቡ ሁሉ ልብ ፓስፖርቱና የጤና ምርመራው ላይ ነበር። እናቴ ግን ከጉዞው በፊት ባንክ ወስዳ በስሟ የቁጠባ ሂሳብ አስከፈተቻት። ከዚያ ቀን በደንብ ትዝ የሚለኝ የወለዱ ጉዳይ ነው። እናቴ ወለድን ሐራም ነው ብላ የምትሸሽ ሰው ናት፤ "እናንተ ዘንድ አደራ አስቀምጣለሁ እንጂ ትርፍ አልፈልግም" አለቻቸው። የባንኳ ሠራተኛ ቅር ሳይላት "ግድ የለም እማማ፣ ወለድ እንዳይታሰብበት ማመልከት ይቻላል" ብላ ወረቀት ሰጠችን። እኔ ጻፍኩት፣ እህቴ ፈረመችበት።

እናቴ ያን ቀን ደጋግማ ጠይቃ የተረዳችው ሌላም ነገር ነበር። ቁጥሩን የያዘ ሰው ሁሉ ሂሳቡ ውስጥ ማስገባት ይችላል፤ ማውጣት የምትችለው ግን ባለቤቷ ብቻ ናት። ሌላ ሰው እንዲያወጣላት ከፈለገች ሪያድ ካለው ኤምባሲያችን ውክልና አስጽፋ መላክ አለባት፤ ውክልናውም አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቀርቦ ይረጋገጣል። በሰፈራችን ልጅ ከሄደች በኋላ ከቤት የሚቀርብላት የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄው ውክልና ነበር። እናቴ "ላኪልን" ብላ አንድም ቀን አልጠየቀቻትም።

ገንዘቡ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ሐዋላ ነው። እህቴ እንደ ልቧ ከቤት መውጣት ስለማትችል የአሠሪዋ የማዳሟ ልጅ ይልክላታል፤ ቁጥሩን በስልክ ትነግረናለች፣ እናቴ መታወቂያዋን ይዛ ትቀበላለች። ሁለተኛው በሰው እጅ ነው። ኮንትራቷን ጨርሳ የምትመለስ የአገር ልጅ ስትገኝ ጥሬ ሪያሉን በፖስታ አሽጋ ትሰድዳለች። ለዒድ አሠሪዎቿ የሚሰጧት ስጦታ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰን እንዲህ ነበር።

በእጅ የመጣው ባንክ ሲገባ ጊዜ ይወስዳል። ገንዘብ ተቀባዩ ኖቱን አንድ በአንድ ይዳብሳል፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያያል። ጫፉ የተቀደደ ወይም እስክሪብቶ የነካው ካገኘ ለይቶ ይመልሰዋል። እናቴ የተመለሰውን አጣጥፋ ታስቀምጥና ወደ ሳዑዲ ለሚሄድ ሰው ታስይዘዋለች፤ እዚያ አይባክንም። የቀረው በዕለቱ ዋጋ ከተመነዘረ በኋላ የገቢ ቅጹን እሞላለሁ፦ የሂሳቡ ቁጥር፣ የእህቴ ስም፣ የገንዘቡ ልክ በአኃዝና በፊደል። እናቴ ደብተሩ ላይ የታተመውን አዲስ መስመር ሳላነብላት ከመስኮቱ አትነሣም።

ሁሉም አይገባም። እህቴ ራሷ በስልክ "ይህን ያህሉ ለቤት" ትላለች፤ ያ ለአባቴ መድኃኒት፣ ለእኔና ለታናናሾቼ ትምህርት ይውላል። ስጦታዋ እሱ ነው፤ ተቀብለን መርቀናታል። ከዚያ ያለፈውን እናቴ እንደ ሰው ዕቃ ነበር የምትይዘው። ዱቄት አልቆ ጎረቤት ስትበደር አይቻለሁ፤ ከዚያ ገንዘብ ላይ ግን አንድ ኖት ስትቀንስ አላየሁም።

በነሐሴ 2002 ብር ከዶላር ጋር ያለው ምንዛሬ ከ13 ብር ከ60 ሳንቲም ገደማ ወደ 16 ብር ከ35 ሳንቲም ዘለለ። የሳዑዲ ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ስለሆነ የእህቴም ደመወዝ አብሮ ተነሣ። ወሯን ሙሉ የምትሠራበት 700 ሪያል ከ2,500 ብር ትንሽ ከፍ ይል የነበረው 3,000 ብር አለፈ። ልጅ አረብ አገር ያላቸው ቤቶች ደስ አላቸው። ደስታው አልቆየም። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ የዋጋ ንረቱ 40 በመቶ ደረሰ፤ ዘይትና ስኳር ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ የተንከራተትነው ያን ጊዜ ነው።

አጎቴ የመጣው በዚያው ሰሞን ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሐሳቡም ባዶ አልነበረም።

"እትዬ፣ ብሩ ባንክ ተኝቶ እያለቀ እኮ ነው። ዘንድሮ ባጃጅ የሚገዛ ብር ለከርሞ ጎማውን አይገዛም። ይውጣና ይሥራ።"

"ባጃጁ በማን ስም ይሆናል?" አለችው።

"በእኔ ነዋ። እሷ የለችም።"

"እንግዲያው ባጃጁ ያንተ ነው። ብሩ ቢያልቅም የእሷ እንደሆነ ይለቅ።"

አጎቴ ቡናውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ፤ ለወራትም አኮረፈን። እናቴ ከምንም በላይ የምትሳሳለት ወንድሟ ነውና ኩርፊያው ከብዷት ነበር። ሆኖም የሩቅ ዘመዶቻችንን ጎጆ ታስታውስ ነበር። ልጃቸው ለዓመታት በላከችው ብር ሣሩ በቆርቆሮ ተቀየረ፣ ወንድሟ አገባበት፣ ከብት ተገዛበት። ስትመለስ ቤቱ የወንድሟ፣ ከብቱ የአባቷ ሆኖ ጠበቃት። የሰረቃት የለም፤ በስሟ የተቀመጠ ነገር ግን አልነበረም። ዓመት ሳይሞላት ተመልሳ ሄደች። ወሎ ውስጥ ይህን የማያውቅ ቀበሌ ያለ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ኮንትራት ሲያልቅ እህቴ ከማዳሟ ቤት ወጥታ ከአገሯ ልጆች ጋር መንፉሃ የሚባል የሪያድ ሰፈር ተከራየች፤ የመኖሪያ ፈቃዷም (ኢቃማዋ) ተቃጠለ። የሳዑዲ መንግሥት የሰጠው የምሕረት ጊዜ ጥቅምት 24 ቀን 2006 ዓ.ም. ሲያበቃ አፈሳው ጀመረ። መንፉሃ ላይ የሆነውን እኛ የሰማነው በስልክ ነው፣ ከዚያም ስልኩ ተዘጋ። በዚያ ጊዜ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ፤ እህቴ ከእነሱ አንዷ ናት።

ቦሌ ሄጄ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ከበሩ የሚወጡት ሴቶች አብዛኞቹ ጥቁር ዓባያ የለበሱ ነበሩ፤ ጫማ ያልነበራቸው፣ ሕፃን ያዘሉ፣ ስማቸው ሲጠራ የማይሰሙ አየሁ። እህቴ የያዘችው አንድ ብርድ ልብስና ትንሽ የፕላስቲክ ቦርሳ ነው። ያልተከፈላት ደመወዝ፣ የገዛቻቸው ዕቃዎች፣ ሁሉም እዚያ ቀርቷል። እስከ ደሴ ድረስ በአውቶቡስ ስንጓዝ ደጋግማ የምትለው "ባዶ እጄን ምን ብዬ እገባለሁ?" ነበር። እኔም ስለ ደብተሩ ብነግራት አላመነችኝም፤ ሌሎቹም ቤተሰቦች እንዲሁ ይሉ ነበርና።

ጥቂት ቀን ካረፈች በኋላ እናቴ ይዛን ፒያሳ ወጣች። እህቴ ደብተሩን ተቀብላ ባንኩ ወንበር ላይ ተቀምጣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። ብዛቱን ለማየት ወደ መጨረሻው ትዘላለች ብዬ ስጠብቅ መስመር በመስመር ወረደች። "ይሄ ሦስት ወር ከልክለውኝ በአንዴ የከፈሉኝ ነው።" ጣቷን ወደ ታች አወረደች። "ይቺ የረመዳኗ ናት፣ አርባ ሰው በየማታው ሲያፈጥር የነበረ ጊዜ።" "ይሄኛው እጄ በዘይት የተቃጠለ ሰሞን።" ለእኛ ቁጥርና ቀን የነበረው ለእሷ የኖረችው ዕድሜ ነበር፤ አንዱም መስመር አልተሳታትም። እናቴ ጎኗ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። እህቴ በስልክ ሁልጊዜ "ደህና ነኝ" ነበር የምትለው፤ እውነቱን የነገረችን ያን ቀን ነው።

ገንዘቡን ያጎደለባትን የዋጋ ንረት እኔ አልክድም፤ አጎቴ እንዳለው ብዙ ተበልቷል። የተረፈው ግን ኮምቦልቻ ላይ ክፍል ለመከራየትና የልብስ ስፌት መኪኖች ለመግዛት በቃት። ንግድ ባንክ በዚያው ዓመት ከወለድ ነፃ አገልግሎት ሲጀምር ሂሳቧን ወደዚያ አዛወረች። የመጀመሪያውን ጨርቅ የቆረጠችው ለአጎቴ ልጆች ዩኒፎርም ነው፤ ኩርፊያውም በዚያ አበቃ። ወደ ሳዑዲ አልተመለሰችም።

ዛሬ ገንዘቡ በስልክ ይገባል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህም ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል። ልጆቻችን ዛሬም በኮንትራት ይሄዳሉ፣ የሚልኩትም ከቀድሞው ብዙ ብር ሆኖ ይደርሳል። ስለዚህ ልጅ ለሚሸኙ ቤተሰቦች የማሳስበው እናቴ ያደረገችውን ነው። ከመሄዷ በፊት ሂሳቡን በራሷ ስም ክፈቱላት፤ ውክልና አትጠይቋት። ለቤት ብላ የሰጠችውን በምርቃት ብሉት። ቀሪው የእሷ ነው፤ ስትመለስ ቆጥራችሁ አስረክቧት።